ለአቶ ፒተር ቭላንዲስ፦ ጨዋታውን ከቤቲንግ ያላቁልን

ይድረስ፦ ለአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ ኮሚሽን ሊቀመንበር ለአቶ ፒተር ቭላንዲስ

ግልባጭ፦ ልጆቻቸው ራግቢ ሊግ ለሚጫወቱና ለሚያዩ ሐበሻ ወላጆች በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ አቶ ፒተር፤

እኔ ምዕራብ ሲድኒ፣ ብላክታውን አካባቢ የምኖር ኢትዮጵያዊ አባት ነኝ። የፔንሪት ፓንተርስ ደጋፊም ነኝ፤ ደጋፊ ያደረገኝ ልጄ ነው። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልንገርዎት። የቤቲንግ ማስታወቂያን ከራግቢ ሊግ ያውጡልን። ሕግ እስኪያስገድድዎት አይጠብቁ። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው በአገሩ ቢፈለግ ከእርስዎ የተሻለ አይገኝም። ለምን እንደዚያ እንደምል የሥራ ታሪክዎን እያነሳሁ አስረዳለሁ።

በአማርኛ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ቢሮዎ አስተርጓሚ አያጣም። ነገሩ ግን እርስዎን ብቻ የሚመለከት አይደለም። እዚህ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቼም ልጆቻቸው በየሳምንቱ ተፋጠው የሚያዩትን ጨዋታ ማን እንደሚመራው፣ ገንዘቡስ ከየት እንደሚመጣ ቢያውቁ እወዳለሁ። አብዛኞቻችን የምናውቀው እግር ኳስና ሩጫ ነው። የተጫዋች ስም እንኳ ሳናውቅ የአስተዳዳሪ ስም ከየት እናምጣ?

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ራግቢ ሊግ በአንድ ወገን 13 ሰው ተሰልፎ፣ ኳሱን በእጁ ይዞ እየሮጠና እየተላተመ የሚጫወተው ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ከተጣለ ኳሱን ለባላጋራው ይለቃል። 15 ሰው ከሚጫወተው ከራግቢ ዩኒየን ይለያል። ሲድኒና ብሪዝበን ላይ ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ከእሱ የሚቀድም ወሬ የለም። ቀኖቹን ደግሞ እዚህ እንደለመድነው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አቶ ፒተር፣ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደፋፈረኝ አስተዳደግዎ ነው። የተወለዱት ኪቲራ በምትባል የግሪክ ደሴት ነው። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰብዎ ጓዙን ጠቅልሎ መጣና ወለንጎንግ ሰፈረ። ወለንጎንግ የብረት ፋብሪካ አገር ናት፤ አባትዎም ብረት ፋብሪካ ገቡ፣ እናትዎም ካፌ ይሠሩ ነበር። እርስዎ እዚያው ወለንጎንግ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አያያዝ ተማሩ። ይህን ታሪክ ለኛ ሰው ብነግረው ምንም አይገርመውም። የራሱ ታሪክ ነውና። አባት ሌሊት መጋዘን፣ እናት ቀን የአረጋውያን መጦሪያ፣ ልጅ ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከትምህርት ቤት ብቻውን ቤቱ ይገባል። እኛ ዛሬ ያለንበትን እናንተ ትናንት አልፋችሁበታል። ስለዚህ ስለ ስደተኛ ቤተሰብና ስለ ደሞዙ ላስረዳዎት አልሞክርም። ያውቁታል።

ከትምህርት በኋላ የገቡት ፈረስ እሽቅድምድም ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሰረገላ በሚጎትቱት ፈረሶች በኩል፣ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የኒው ሳውዝ ዌልስ ፈረስ እሽቅድምድምን የሚያስተዳድረው የሬሲንግ ኒው ሳውዝ ዌልስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው። ስምዎን ያስጠራው ሥራ እዚያ ነው የተሠራው፤ ወገኖቼም ልብ ብለው እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ይህንን ነው።

የኢንተርኔት ቤቲንግ ሲመጣ ድርጅቶቹ ሌላ ግዛት ፈቃድ እያወጡ በኒው ሳውዝ ዌልስ ፈረሶች ላይ ያወራርዱ ነበር። ፈረሱን የሚቀልበው፣ ሜዳውን የሚያዘጋጀው፣ ለጆኪው፣ ማለት ለፈረስ ጋላቢው፣ የሚከፍለው ሌላ፤ ትርፉን የሚወስዱት እነሱ። እርስዎ ‹በእኛ እሽቅድምድም ካወራረዳችሁ ክፈሉ› አሉ። ከሚያወራርዱት ጠቅላላ ገንዘብ ከመቶ አንድ ተኩል። ቤትፌርና ስፖርትስቤት የሚባሉት የቤቲንግ ድርጅቶች አንከፍልም ብለው ፍርድ ቤት ገተሩዎት። ሙግቱ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይስማማ ነበር። እርስዎ ግን እስከ መጨረሻው ገፉበትና በማርች 2012 ረቱ። ያ ክፍያ የግዛቱን ፈረስ እሽቅድምድም ከድህነት አወጣው ቢባል ማጋነን አይደለም። አሥር ሚሊዮን ዶላር የተሸለመበት ኤቨረስት የተባለው የፈረስ ውድድር በ2017 ሲድኒ፣ ራንድዊክ ላይ ሲጀመር ምን ያህል ሩቅ እንደተሄደ ሁሉም አየ።

እኔ ያንን ሙግት አደንቃለሁ። በሰው ድካም የሚነግድ ይክፈል ማለት ፍትሕ ነው። ግን አሠራሩን ጠጋ ብለን እንየው። ክፍያው የሚቆረጠው ከሚወራረደው ገንዘብ ላይ ነው። ሰው ብዙ በተወራረደ ቁጥር ስፖርቱ ብዙ ያገኛል። ትንሽ ከተወራረደ ትንሽ። ራግቢ ሊግም ዛሬ በጨዋታዎቹ ላይ ከሚካሄደው ውርርድ ድርሻውን ይቀበላል። እንግዲህ ስፖርቱን የሚመራው ሰው ልቡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ሂሳብ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ‹ሰው ይወራረድልኝ› የሚል ነው። እርስዎ የሂሳብ ሰው ነዎት። ይህ አይጠፋዎትም።

በኦክቶበር 2018 የሆነውንም ላንሳ። የኤቨረስት ፈረሶች የመነሻ ቦታ ዕጣ በኦፔራ ሃውስ ጣሪያ ላይ በመብራት ይታይ ተባለ። ከ300 ሺህ በላይ ሰው ተቃውሞ ፈረመ። በዚያ ምሽት ሰዉ ባትሪውን ይዞ ወጥቶ በማስታወቂያው ላይ አበራበት። እኔ ስምዎን መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። ከዚያ የተረዳሁት ነገር ቢኖር እርስዎ አንዴ የያዙትን እንደማይለቁ ነው። ያንን ግትርነት ነው ዛሬ ለልጆቻችን የምለምነው።

በኦክቶበር 2019 መጨረሻ የራግቢ ሊጉ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆኑ። የፈረሱንም ወንበር አልለቀቁም። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ ኮሮና ደረሰ።

ያንን ጊዜ ማንም አይረሳውም። ማርች 23 ቀን 2020 ውድድሩ ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ቆመ። ክለቦች ሠራተኛ አሰናበቱ፣ የተጫዋች ደሞዝ ተቆረጠ፣ የሊጉ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቶድ ግሪንበርግ በኤፕሪል ለቀቁ። እርስዎ በኤፕሪል መጀመሪያ ‹ሜይ 28 እንመለሳለን› አሉ። ዓለም ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ ሳለ ቀን ቆርጦ መናገር! ጋዜጠኛው ሳቀ፣ ፖለቲከኛው ተቆጣ። እርስዎ ግን ከመንግሥታት፣ ከቴሌቪዥኖች፣ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር አንድ በአንድ እየተነጋገሩ ሄዱ። ሜይ 28 ማታ ብሪዝበን ላይ፣ ተመልካች በሌለበት ሰንኮርፕ ስታዲየም፣ ፓራማታ ብሮንኮስን 34 ለ 6 አሸነፈ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ እንኳ የተመለሰው ጁን 17 ነው። ቤት ተዘግቶባቸው መፈናፈኛ ላጡ የሰፈሬ ልጆች ያ ጨዋታ ምን ማለት እንደነበር እኔ አይቻለሁ። ለዚህ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከዚያ ሁሉ ግን እኔን የነካኝ በዚሁ ሊግ የሚጫወተው የኒውዚላንዱ ቡድን የዋሪየርስ ጉዳይ ነው። ድንበር ስለተዘጋ ተጫዋቾቹ ቤታቸውን ለቀው መጡ። መጀመሪያ ታምዎርዝ ለብቻቸው ተቀመጡ፣ ከዚያ ሴንትራል ኮስት ሰፈሩ። ሚስት፣ ልጅ፣ እናት ባሕር ማዶ ቀሩ። ልጆቻቸውን በስልክ ስክሪን እያዩ ሰንብተው ቅዳሜ ሜዳ ይገባሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ኦክላንድ ላይ በደጋፊያቸው ፊት የተጫወቱት ጁላይ 3 ቀን 2022 ነው። ቤተሰብ ጥሎ ለእንጀራ መውጣት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ የስፖርት ዜና ብቻ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ባይመጡ ውድድሩ ጎዶሎ ይሆን ነበር። እርስዎም ውለታቸውን በአደባባይ መስክረዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ብዘረዝር ይረዝማል። ዶልፊንስ በ2023 አሥራ ሰባተኛ ቡድን ሆኖ ገባ። በ1999 ከትልቁ ውድድር የወጣው የኖርዝ ሲድኒ ቤርስ ስም በ2027 በፐርዝ በኩል እንዲመለስ ተወሰነ። የአውስትራሊያ መንግሥት በአሥር ዓመት 600 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የፓፑዋ ኒው ጊኒ ቡድን በ2028 እንዲገባ ስምምነት ተደረሰ፤ ራግቢ ሊግ እዚያ አገር የሕዝቡ አንደኛ ስፖርት ነው፣ ስለዚህ ይህ ከምንም በላይ ደስ የሚል ነው። በማርች 2024 ደግሞ ወቅቱን ላስ ቬጋስ ወስደው በአሌጂያንት ስታዲየም ከ40 ሺህ በላይ ሰው ፊት ከፈቱት። ከላስ ቬጋሱ ዕቅድ ምክንያቶች አንዱ የአሜሪካን የውርርድ ገበያ መድረስ እንደሆነ ራስዎ አልደበቁም። እዚህ ላይ ቅር አለኝ። ጨዋታው አዲስ አገር ሲሄድ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር የቁማርተኛው መሆን የለበትም።

ጨዋታው የተወለደበትን ምክንያት ደግሞ እናስታውስ። ኦገስት 29 ቀን 1895 ሰሜን እንግሊዝ፣ ሀደርስፊልድ ከተማ፣ ጆርጅ ሆቴል ውስጥ የሰሜኑ ክለቦች ተሰብስበው ከራግቢ ዩኒየን ተገነጠሉ። ያጣላቸው ገንዘብ ነው፤ ግን ትንሽ ገንዘብ። የማዕድንና የፋብሪካ ሠራተኞች ቅዳሜ ለመጫወት ሲሉ የቀን ደሞዛቸው ይቀራል፣ ያ የቀረባቸው ይተካ ነው ጥያቄው። ደህና ኑሮ የነበራቸው የደቡቡ ሰዎች እምቢ አሉ። ራግቢ ሊግ ማለት ከሠራተኛ ኪስ የጎደለውን ለመመለስ የተፈጠረ ጨዋታ ነው። ዛሬ ያንኑ ኪስ የሚያራቁት ማስታወቂያ መሃሉ ሲገባ ዝም ማለት ይከብዳል።

ሲድኒ ላይ የመጀመሪያው ውድድር በ1908 ሲጀመር በዘጠኝ ክለቦች ነበር። ያደራጁት ሰው ጄምስ ጊልቲናን ይባላሉ፤ ገንዘብ ያዡ ዝነኛው የክሪኬት ተጫዋች ቪክተር ትራምፐር ነበሩ። ጊልቲናን የመጀመሪያውን የአውስትራሊያ ቡድን በራሳቸው ኪሳራ ይዘው እንግሊዝ ዘለቁ። ጉዞው ከሠረ፣ እሳቸውም ከሠሩ። ገና እዚያው ሳሉ እዚህ ከኃላፊነታቸው አነሷቸው። በመደበኛው ዙር አንደኛ ለሚወጣው ቡድን የሚሰጠው ጋሻ እስካሁን በስማቸው ይጠራል። የዚህ ስፖርት አስተዳዳሪ መሆን ከጥንቱም ቀላል አልነበረም፤ ለዚህም ነው ስለ ገንዘብ የሚነግሩንን ሐሳብ የማላናንቀው።

ግን አቶ ፒተር፣ ‹ያለ ውርርድ ገንዘብ ጨዋታው ይጎዳል› የሚለውን ክርክር ይህ ስፖርት ከዚህ በፊት ሰምቶታል። በሲጋራ ጊዜ።

ወገኖቼ ይህን ላታውቁ ትችላላችሁ። ከ1982 እስከ 1995 የዚህ ውድድር ስም ዊንፊልድ ካፕ ነበር። ዊንፊልድ ሲጋራ ነው። ከ1968 ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠው ሜዳሊያም በሮትማንስ ስም ይጠራ ነበር፤ ሮትማንስም ሲጋራ ነው። ማስታወቂያው ላይ ቲና ተርነር ነበረች፣ አገሩ ሁሉ ይወደው ነበር። ዛሬ ሻምፒዮኑ የሚያነሳውን የነሐስ ዋንጫ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው የቆሙበት ነው። አንዱ በጣም ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ሁለቱም ጭቃ በጭቃ። በ1963ቱ ፍጻሜ ማብቂያ ላይ የተነሱት ፎቶ ነው፤ ረጅሙ ኖርም ፕሮቫን፣ አጭሩ አርተር ሰመንስ። ከፎቶው ላይ ቀርጾ ዋንጫ ያሠራው የሲጋራው ዘመን ነው። ፔንሪት ከ2021 እስከ 2024 አራት ዓመት በተከታታይ ሲያነሳው የኔ ልጅ ያለቀሰበት ዋንጫ አንድ ጊዜ የሲጋራ ዋንጫ ነበር።

በ1992 ፓርላማው የትምባሆ ማስታወቂያን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከ1995 በኋላ ዊንፊልድ ከራግቢ ሊግ ወጣ። ጨዋታው አልሞተም። እውነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ክፉ ዓመታት መጡ። ግን ክፉ ያደረጋቸው የሲጋራ ገንዘብ መቅረቱ ሳይሆን በኤፕሪል 1995 የተነሳው የሱፐር ሊግ ጦርነት ነው። የሚዲያ ባለሀብቱ የሩፐርት መርዶክ ድርጅት ተጫዋችና ክለብ በገንዘብ እያባበለ ሲወስድ ሊጉ ለሁለት ተሰነጠቀ። በ1997 ሁለት ውድድር ጎን ለጎን ተካሄደ። ለዓመታት ሊጉን የመሩት ኬን አርተርሰንና ጆን ኩዌል የለቀቁት በዚያ ጦስ ነው። ያንን ሁሉ ያመጣው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ዋንጫው ግን ስሙን ቀይሮ ዛሬም አለ፣ ከ2013 ጀምሮም በሁለቱ ሰዎች ስም ነው የሚጠራው። ዛሬ አንድ ሰው ተነስቶ ሲጋራውን እንመልሰው ቢል ማን ይሰማዋል?

አሁን ወደ ቤቴ ላምጣዎት። ሕጉ ከ2018 ጀምሮ በቀጥታ ስርጭት ጊዜ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል የቤቲንግ ማስታወቂያ አይፈቅድም። ጥሩ ነው። ግን የሐሙስ ማታው ጨዋታ የሚጀምረው ለ2 ሰዓት 10 ደቂቃ ጉዳይ ነው። አርባ ደቂቃ ይጫወታሉ። ዕረፍት ሲወጡ ስንት ሰዓት ነው? ሰዓቱ 2 ተኩል ደርሷል፣ ወይም አልፏል። በሩ የሚከፈተው እዚያ ላይ ነው። ልጄ ፒጃማውን ለብሶ ሶፋው ላይ ነው ያለው፤ ግማሹን አይቶ ተኛ የሚለው ወላጅ ካለ ይንገረኝ። ማስታወቂያው ይመጣል። የሚያምር፣ የሚያስቅ፣ ጓደኛሞች ተሰብስበው ስልክ የሚነካኩበት። መጨረሻ ላይ ማስጠንቀቂያ ይነበባል፣ እየተጣደፈ። ልጁ ማስጠንቀቂያውን አይሰማም። ቁጥሩን ግን ይይዛል። አንድ ማታ ‹አባዬ አታስብ፣ የፔንሪት ኦድ 1.40 ነው› አለኝ። ኦድ ማለት ቡድኑ ቢያሸንፍ ለአንድ ዶላር ውርርድ የሚከፈለው ነው። የማባዛት ሠንጠረዥ ገና እያጠና ያለ ልጅ ነው። መልቲ (ብዙ ውርርድ አንድ ላይ ማያያዝ) ምን እንደሆነ፣ የመጀመሪያውን ትራይ (የራግቢውን ጎል) በሚያገባው ላይ ስንት እንደሚከፈል እሱ ነው ለኔ ያስረዳኝ። ማን አስተማረው? ትምህርት ቤት አላስተማረውም። እኔም ቤቴ ካርታ እንኳ አላስገባም።

ትልልቆቹስ? ከማውቃቸው ሰዎች አንዱ ሌሊት መጋዘን የሚሠራ፣ ጭምት፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው። እቁብ ደረሰው። ገንዘቡ አገር ቤት ላሉት እናቱ ቤት ማደሻ ነበር። በሥራ ዕረፍቱ ላይ ስልኩን አውጥቶ ትንሽ በትንሽ ጀመረ፣ ሲበላ ለማስመለስ ጨመረ፣ ሲያስመልስ ደግሞ የበለጠ ጨመረ። እቁቡ አለቀ። የእቁብ ክፍያው ግን አላለቀም፤ ዋስ የሆኑለት ጓደኞቹ ለወራት ከፈሉለት። እሱ ከእፍረት የተነሳ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ። ስልኩን አንዴ አሳይቶኝ ነበር፤ መወራረድ ካቆመ በኋላም ‹ናፍቀኸናል፣ ቦነስ አለህ› የሚል መልእክት በላይ በላዩ ይገባል። ድርጅቱን አልጠራም፤ ሌሎቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። እኛ ዘንድ እቁብ በቃል ነው የሚሄደው፣ ፊርማ የለውም። አንድ ሰው ሲወድቅ አብሮ የሚናጋው የሰዎች እምነት ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። አውስትራሊያውያን በነፍስ ወከፍ በቁማር የሚያጡት ገንዘብ ከዓለም ቀዳሚው እንደሆነ በየጊዜው ይነገራል። በዚህ ግዛት ከ1956 ጀምሮ የፖኪ (የቁማር) ማሽን በክለቦች ተፈቅዷል፣ ከራግቢ ሊግ ቡድኖች ጋር የተያያዙት ብዙዎቹ የሊግስ ክለቦችም ቡድናቸውን ያሳደጉት በዚያ ገንዘብ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል፤ ዛሬ አላነሳውም። የኢንተርኔቱን ግን ፓርላማው ራሱ መርምሮታል። በሟቿ የፓርላማ አባል በፔታ መርፊ የሚመራ፣ ከተለያዩ ፓርቲዎች የተውጣጣ ኮሚቴ በጁን 2023 ባወጣው ሪፖርት 31 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ከነሱ አንዱ የኢንተርኔት ቁማር ማስታወቂያ በሦስት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሙሉ በሙሉ እንዲቆም ነው። ሴትዮዋ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በካንሰር አረፉ። ሪፖርቱ ሁለት ዓመት ሲደፍንም መንግሥት ገና ሙሉ ምላሽ አልሰጠበትም ነበር። እርስዎ በዚህ ክርክር ሙሉ እገዳውን ከሚቃወሙት ወገን ነበሩ። ሰው ቁጥጥር ወደሌለባቸው የባሕር ማዶ ድርጅቶች ይሄዳል፣ የስፖርቱ ገቢም ይጎዳል ነው ክርክሩ።

ባሕር ማዶ የሚሄድ ሊኖር ይችላል። ግን ልጄ ኦድ የተማረው ከባሕር ማዶ ድርጅት አይደለም፤ ሳሎኔ ውስጥ፣ በሚወደው ጨዋታ ዕረፍት ላይ ነው። ስለ ገቢውም ቢሆን ሦስት ዓመት ለመዘጋጀት አጭር ጊዜ አይደለም። እርስዎ ከኤፕሪል እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ውስጥ የቆመ ሊግ አስነስተዋል። ሦስት ዓመት ለእርስዎ ምንድን ነው?

ወንበሩንም በግልጽ ላንሳው። የፈረስ እሽቅድምድሙን የሚመራ ሰው ራግቢ ሊጉንም መምራቱ ሕግ መጣስ ነው አላልኩም። ፈረሱ ያለ ውርርድ መኖር እንደማይችልም ይገባኛል፤ ከጥንት ጀምሮ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ራግቢ ሊግ ግን በዚያ ላይ አልቆመም። ሰው ስታዲየም የሚመጣው ቡድኑን ብሎ ነው። ቴሌቪዥን የሚከፍለው ያንን ሰው ብሎ ነው። ሁለቱ ስፖርቶች ፍላጎታቸው አንድ አይደለም፤ ስለ ቁማር ማስታወቂያ ካንቤራ ሄደው ሲናገሩ ግን ድምፁ አንድ ነው፣ የእርስዎ ነው። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ያለው ወላጅ ‹እኚህ ሰውዬ አሁን የሚናገሩት ለፈረሱ ነው ወይስ ለልጄ?› ብሎ ቢጠይቅ ባለጌ አይባልም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በሥራ እንጂ በመግለጫ አይሰጥም።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችሁን ከራግቢ ሊግ አታርቁ። ጨዋታው ልጅ ያነጻል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ እዚህ አገር የኔ ነው የሚሉት ነገር ይሰጣቸዋል። ከሳሞአ፣ ከሊባኖስ፣ ከቶንጋ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ዛሬ የሊጉ ኮከቦች ናቸው፤ የኛም ይደርሳሉ። ግን ማታ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ማስታወቂያው ሲመጣ ምን እንደሆነ ንገሯቸው። ለምክር ቤት አባላችሁም ጻፉ፣ በአማርኛም ቢሆን።

አቶ ፒተር፣ ወደ እርስዎ ልመለስና ልጨርስ። አሁን ያለው የቴሌቪዥን ውል እስከ 2027 ነው። ከ2028 የሚጀምረው ውል ላይ አንድ አንቀጽ እንዲገባ እጠይቃለሁ፦ ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድረስ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን፣ የቤቲንግ ማስታወቂያ አይኖርም የሚል። እስከዚያው ደግሞ እርስዎ በቀጥታ የሚያዙበትን ያስተካክሉ። የሊጉ ድረ ገጽና መተግበሪያ የልጆች ገጽ ናቸው፤ ኦድ አይለጠፍባቸው። ስታዲየም ውስጥ ባለው ትልቁ ስክሪንም ላይ እንዲሁ። ቤትፌርንና ስፖርትስቤትን ክፈሉ ብለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ የሞገቱት እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ ከልጆቻችን ፊት ዞር በሉ ይበሉልን።

መልስ ቢጽፉልን በእንግሊዝኛ ይበቃል። እኛ ተርጉመን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰቡት ወላጆች እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የብላክታውን አባት